ዳሩን የያዝነው እኛ ነን

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ደስ አይልም፤ ግን ስሙኝ። መሃል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ጠፋ እያልን ሁሌ እናማርራለን። አስተዳደሩን እንወቅሳለን። እስቲ አንድ ቀን በጠዋት ውጡና የመንገዱን ዳር ተመልከቱ። ሱቆቹ ገና ሳይከፈቱ ቦታው ሞልቷል። ታዲያ ማነው የያዘው? ገበያተኛ አይደለም። እዚያው የምንሠራው ነን፤ ባለሱቆቹ፣ የቢሮ ሠራተኞቹ። በጠዋት አቁመን ማታ የምናነሳው።

እኔም ለዓመታት እንዲሁ አድርጌያለሁ። መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ቦታ ለመያዝ ስል ማልጄ እወጣ ነበር። መኪናዬ ዳር ላይ ስለቆመች ማንንም የጎዳሁ አይመስለኝም ነበር። አንድ ቀን በመስኮት ቁልቁል ስመለከት ዕቃ የጫነ መኪና መጣ። ዳሩ ተይዟል። ምን ያድርግ፣ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ማራገፍ ጀመረ። ከኋላው አውቶብስ ነበር፤ ውስጡ ሰው ግጥም ብሎ ሞልቷል። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ጠበቀ። ዳሩን የያዘችው የኔ መኪና ናት። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ እሷ ደግሞ ምንም ሥራ የላትም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው የማቆሚያ ሳንቲም መቀበያ ማሽን የተተከለው በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦክላሆማ ሲቲ ነው። ያኔም ነጋዴው የሚያማርረው በዚሁ ነበር፤ ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ያቆማል፣ ደንበኛ ቦታ ያጣል።

ክፍያ ሲባል ትቆጣላችሁ። አውቃለሁ። የካሊፎርኒያዋ ፓሳዴና ከተማ ነጋዴዎችም ተቆጥተው ነበር፤ ደንበኛችን ይሸሻል ብለው። ከተማዋ ታዲያ አንድ ቃል ገባች፦ ከዚህ ሰፈር የሚሰበሰበው ገንዘብ እዚሁ ሰፈር ላይ ይውላል። ማሽኖቹ በ1993 እ.ኤ.አ. ተተከሉ። የእግረኛ መንገዱ ታደሰ፣ መብራት ገባ፣ ዛፍ ተተከለ። ደንበኛውም አልሸሸም፤ እንዲያውም የተጎሳቆለው ሰፈር ሰው የሚመርጠው ቦታ ሆነ። ስለዚህ ቁጣችሁን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። የከፈላችሁት ገንዘብ የት እንደገባ የሚነግራችሁ ስታጡ ያኔ ተቆጡ።

ነፃ የምንለው ማቆሚያም ነፃ አይደለም። በጊዜና በነዳጅ እንከፍለዋለን። ዶናልድ ሹፕ የሚባሉ የሎስ አንጀለስ ፕሮፌሰር ዕድሜያቸውን በሙሉ ማለት ይቻላል ይህን ሲያጠኑ ኖረዋል። ዩኒቨርሲቲያቸው አጠገብ ያለችን አንዲት 15 ብሎክ (በመንገዶች የተከበበ የሕንፃዎች ስብስብ) ያላት ሰፈር ለኩ። አንድ አሽከርካሪ ቦታ ለማግኘት በአማካይ 3.3 ደቂቃ ይዞራል። ትንሽ ትመስላለች። ስትደመር ግን በዓመት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ የከንቱ ዙረት ሆነች። ያውም በዚያች ጠባብ ሰፈር! ምክራቸው ቀላል ነው፤ በእያንዳንዱ ብሎክ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ቦታ ክፍት እንዲሆን ዋጋውን አስተካክሉ።

ሌላ የማቆሚያ ሕንፃ ይሠራልን የምትሉ ደግሞ ይህን አስቡ። አንድ መኪና ማቆሚያ ከነመተላለፊያው 25 እስከ 30 ካሬ ሜትር ይፈጃል። ሰው ቤት ብሎ የሚኖርበት ስፋት ነው! እሱንም ሠርተን ሳንጨርስ ይሞላል። ማቆሚያ እንዳለ ያወቀ ሁሉ መኪናውን ይዞ ይመጣላ።

አሠሪዎች፣ እናንተም አትለፉኝ። ለሠራተኛ ነፃ ፓርኪንግ ትሰጣላችሁ፤ በእግሩ ለሚመጣው ግን ምንም የለም። ይሄ ፍርድ ነው? ካሊፎርኒያ በ1992 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ማቆሚያ ተከራይተው ለሠራተኛ በነፃ የሚሰጡ አንዳንድ ድርጅቶች፣ ቦታውን ለማይፈልግ ሠራተኛ ዋጋውን በገንዘብ እንዲሰጡ ታዘዋል። ሹፕ ይህን ያደረጉ ስምንት ድርጅቶችን አጥንተው ነበር። ብቻውን መኪና ነድቶ የሚመጣው ከመቶ 76 የነበረው ወደ 63 ወረደ። ማንም አልተገደደም። ምርጫ ተሰጣቸው፣ በቃ።

የአካል ጉዳት ያለበትን፣ አቅመ ደካማ የሚያመላልሰውን፣ ከባድ ዕቃ የጫነውን አልናገርም። እኛ የምንለቀው ለነሱም ጭምር ነው። የምናገረው ሁለት ኪሎ ሜትር ለማይሞላ መንገድ ቁልፍ ለሚያነሳው ጤነኛ ሰው ነው። ከአንድ ሰፈር ተነስተው አንድ ሕንፃ ለሚገቡት፣ ግን በአራት መኪና ለሚመጡት አራት ጎረቤታሞች ነው። በአንዷ ኑ። ብስክሌት መንዳት የምትችሉ ንዱ፤ አንድ መኪና የምታቆምበት ላይ አሥር ያህል ብስክሌት ይቆማል። እግረኛ መንገድ ላይ የምታቆሙትን ግን አልለምናችሁም። ነውር ነው! ጋሪ የምትገፋ እናት በናንተ ምክንያት መኪና መሃል ትገባለች።

እኔ አሁን በሳምንት ሦስት ቀን በአውቶብስ ነው የምሄደው። አንዳንዴ ይዘገያል፣ አልዋሽም። ብዙ ጊዜ የሚዘገየው መሃል መንገድ ቆሞ ዕቃ የሚያራግፍ መኪና ኋላ ስንቆም ነው። ዳሩን ማን እንደያዘው አውቃለሁ። እባካችሁ አንሱልን።