ላም ባልዋለበት ግሩፕ

የእድራችን የቴሌግራም ግሩፕ የተከፈተው ለሦስት ጉዳይ ነው። ለቅሶ ለመጥራት፣ መዋጮ ያልከፈለውን ለማስታወስ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ «እናንተ ጋ አለ?» ለመባባል። ሦስተኛው ከሁለቱ ይበዛል።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ግን አንዲት ጎረቤታችን የልጇን የቤት ሥራ ፎቶ አንስታ ለቀቀችው። «ሒሳብ የምትችሉ እባካችሁ ተባበሩኝ። ልጅቷ ልታለቅስ ነው፤ እኔም ተከትያት።»

ጥያቄው ይህ ነው። በአንድ የግጦሽ መስክ ላይ ሣር በየቀኑ በእኩል መጠን ያድጋል። 10 ላሞች መስኩን በ20 ቀን ግጠው ይጨርሱታል። 15 ላሞች በ10 ቀን ይጨርሱታል። 25 ላሞችስ በስንት ቀን?

ቀላል መሰለን። ሐዋሳ ላይ ላም ብርቅ አይደለም። ሐይቁ ዳር ስትግጥ እናያታለን፤ አስፋልት መሃል ቆማ ባጃጅ ስታሰልፍም እናያታለን። ላም የማያውቅ ሰው ግሩፑ ውስጥ የለም። ችግሩም ከዚያ ጀመረ።

መጀመሪያ የመለሱት የእድሩ ዳኛ ናቸው። «መስኩ የግል ነው የወል?» አሉ። የመለሰላቸው የለም። ቀጥለው እማማ ገቡ። እማማ ድሮ ላም ያረቡ ነበር፤ በከብት ጉዳይ ማንንም አያስገቡም። «ላሞቹ የሐበሻ ናቸው የፈረንጅ? የፈረንጅ ላም ሣር ብቻ በልታ አትውልም፤ ፋጉሎ ትላለች፣ ፉርሽካ ትላለች። ደግሞስ ከ10 ላም ጥጃ ያላት አንዲት እንኳን የለችም?»

አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጠው ጎረቤታችን በቮይስ መጣ። ከጀርባው አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሲራኮቱ ይሰማል። «ሐይቅ ዳር ከሆነ ጉማሬውን አልቆጠራችሁም። ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ ይግጣል፤ ጠዋት ላሞቹን ትሰድባላችሁ።»

በቁጥር የመጣው የመጀመሪያው ሰው የባጃጅ ሹፌሩ ነው። «ይሄ እኮ ቀጥታ ነው። 5 ላም ሲጨመር 10 ቀን ይቀነሳል። 10 ላም፣ 20 ቀን። 15 ላም፣ 10 ቀን። 20 ላም፣ ዜሮ ቀን። 25 ላም፣ ነጌቲቭ 10 ቀን።» ነጌቲቭ ምን ማለት ነው ሲባል ሳይደነግጥ አብራራ። ላሞቹ ከመግባታቸው 10 ቀን በፊት ሣሩ አልቋል ማለት ነው። ሰው ይስቅበታል ብዬ ጠበቅሁ። አንዱ ግን «ቤንዚንም እንደዚያው ነው፤ ሰልፍ ሳትይዝ አልቋል» ብሎ ደገፈው።

ከዚያ ግሩፑ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን 10ን በ20 አባዝቶ 200 አገኘ፤ ለ25 አካፈለና 8 ቀን አለ። ሌላው 15ን በ10 አባዝቶ 150 አገኘ፤ ለ25 አካፈለና 6 ቀን አለ። ሁለቱም ካልኩሌተር ፎቶ አንስተው ለጠፉ። ካልኩሌተሮቹ አልዋሹም። ሌሊት 5 ሰዓት ሲሆን ነገሩ ከሣር አልፎ «አንተ ድሮም» ወደሚለው ደረጃ ደረሰ።

ዳኛው እዚህ ላይ ጣልቃ ገቡ። «ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ። ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ለእድሩ ሰላም ሲባል 7 ይሁን።»

የአውራ ጣት ዝናብ ወረደ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ሰጥቻለሁ። የበግ ዋጋ የሚቆረጠው እንዲሁ ነው። የድንበር ጠብ፣ የባልና ሚስት ኩርፊያ፣ ሁሉም መሃሉ ተይዞ ነው የሚያልቀው። 8 ያለውም 6 ያለውም አንድ አንድ ቀን ለቀቀ፤ ማንም አልተዋረደም። ላሞቹን የጠየቃቸው ግን የለም።

ፊርማ የከለከሉት ገንዘብ ያዣችን ብቻ ናቸው። እኚህ ሰው በ15 ብር ምክንያት እድሩን ሁለት እሁድ የሰበሰቡ ናቸው። እሁድ ጠዋት እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «መስኩ አንድ፣ ሒሳቡ ሁለት። አንዱ 200 ይላል፤ አንዱ 150። የ50 ጉድለት አለ። ጉድለቱ ሳይጣራ 7 ብዬ አልፈርምም።» ቀኑን ሙሉ ሌባ ሲፈለግ ዋለ። ጥርጣሬው ጉማሬው ላይ አረፈ።

ጡረተኛው ቲቸር ለለቅሶ ይርጋለም ሄደው ነበር። ሰኞ ከሰዓት ተመልሰው ያ ሁሉ መልእክት ተቆልሎ ጠበቃቸው። ሁሉንም አነበቡ መሰለኝ፤ ረጅም ጊዜ «እየጻፉ ነው» ይል ነበር። የመጣው ግን አጭር ነው። «ጉድለት አይደለም። የበቀለ ነው።»

ከዚያ አስረዱ። አንዲት ላም በቀን የምትበላውን አንድ ድርሻ በሉት። 10 ላሞች በ20 ቀን 200 ድርሻ በሉ። 15 ላሞች በ10 ቀን 150 በሉ። መስኩ ያው ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ጊዜ ሣሩ ለማደግ 10 ቀን ተጨማሪ አግኝቷል። የገንዘብ ያዡ 50 በእነዚያ 10 ቀናት የበቀለው ሣር ነው። ስለዚህ በቀን 5 ድርሻ ይበቅላል። በ10 ቀን 50 ከበቀለ፣ ከ150ው ላይ ሲነሳ ከመጀመሪያው የነበረው ሣር 100 ነው። አሁን 25ቱን ላሞች አስገቧቸው። 5ቱ የዕለቱን ብቃይ ይበላሉ። የቀሩት 20 ከቆመው 100 ላይ ይበላሉ። 100 ለ20፣ 5 ቀን።

ግሩፑ ጸጥ አለ። 6 ያሉትም 8 ያሉትም፣ 7 ያስማማንም፣ አንዳችን 5 አጠገብ አልደረስንም። የቀረቡት ገንዘብ ያዡ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ የመልሱን ቁልፍ፣ 50ን ይዘው ሌባ ብለው ጮኹበት። እስከ ዛሬ ቅር እንዳላቸው ነው። «ሣሩ ያድጋል» የሚለው ቃል እኮ ጥያቄው ላይ ተጽፏል። ሁላችንም አንብበነዋል። ማንም ግን በሒሳቡ ውስጥ አላስገባውም።

ቲቸር መቼም ካስተማሩ አያቆሙም። የዚህ ጥያቄ አባት አይዛክ ኒውተን እንደሆነ ጨመሩልን። እ.ኤ.አ. በ1707 በላቲን በታተመ የአልጀብራ መጽሐፉ ውስጥ በሬዎች ያሉት ጥያቄ አለ፤ የዚያኛው መልስ 36 በሬ ነው። ኒውተን በሕትመቱ አልተደሰተም፤ በመጀመሪያው እትም የርዕስ ገጽ ላይም ስሙ የለም። ዳኛው ይህን ሲሰሙ «ሽማግሌ አልላኩበትማ!» አሉ።

እማማ ግን ኒውተንን አልፈውት ሄዱ። «ቲቸር፣ 5 ላም ብቻ ቢገባስ?»

«አያልቅም፣ እማማ። የሚበቅለውን ብቻ ይበላሉ። ሲግጡ ይኖራሉ።»

«ታዲያ 25 ያስገባው ማነው?»

ለዚህ ቲቸርም መልስ አልነበራቸውም። የባጃጁ ልጅ ግን አገኘው። በቮይስ መጣ፤ ድምፁ ከቅዳሜው ለየት ብሏል። «የእኔም ገቢ በየቀኑ ይበቅላል እኮ። ላሞቼን ቆጠርኳቸው። ለባለ ባጃጁ የቀን ገቢ አንድ። ቤንዚን ሁለት። ጎማ ሦስት። የቤት ኪራይ አራት። አስቤዛ አምስት። እስከዚህ ድረስ ዘላለም መኖር እችል ነበር። ስድስተኛውን ላም ስሙን አልጠራም፤ እዚሁ ግሩፕ ውስጥ አለ፤ ከመጣ ሦስት ወሩ ነው፤ ሶፋው ላይ ነው የሚተኛው።»

ወዲያው «አንድ አባል ግሩፑን ለቋል» የሚል ጽሑፍ ታየ። ዳኛው ግሩፕ መልቀቅ ከመዋጮ ነፃ እንደማያደርግ አሳሰቡ።

በዚህ ሁሉ መሃል ልጅቷን ረስተናት ነበር። የቤት ሥራው ሰኞ ጠዋት ገብቷል። መልሱ 7 ነው፤ በእስክሪብቶ። ማክሰኞ ደብተሩ ተመልሶ ሲመጣ እናትየው ፎቶ አንስታ ለቀቀችው። «አሠራሩን አሳይ» በሚለው ቦታ ልጅቷ በሚያምር ጽሑፍ «8 እና 6 ተጣሉ፤ ሽማግሌ አስታረቃቸው» ብላለች። ከሥሩ መምህሩ በቀይ «ወላጅ ይዘሽ ነይ» ብለዋል።

እናትየው «እኔ ብቻዬን አልሄድም፤ ያስታረቃችሁ ሰዎች ትሄዳላችሁ» አለች። ተገቢ ነው ተባለ። ስንት ሰው ይሂድ የሚለው ላይ ሁለት ሐሳብ ቀረበ። ገንዘብ ያዡ የባጃጅ ወጪ አስልተው 4 ይበቃል አሉ። ዳኛው ለእድሩ ክብር 8 መሆን አለበት አሉ።

6 ሆነን ሄድን።