የማኅተሙ ቀን የፎቶው ቀን አይደለም

ወንድሜ፣ ደሴ ላይ ከአያትህ ሣጥን ያወጣሃቸውን የዓለም ከተሞች ፖስት ካርዶች አይቼ በጣም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን «የቬኒሱ ካርድ ማኅተም 1906 ስለሚል ፎቶውም የተነሳው ያኔ ነው» ያልከው ስህተት ነው። ብዙ ሰብሳቢ የሚያምነው ነገር ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ማኅተሙ የሚነግርህ ካርዱ በፖስታ ቤት ያለፈበትን ቀን ብቻ ነው። አሳታሚዎች ጥሩ ፎቶ ካገኙ ለዓመታት ደጋግመው ያትሙታል፤ የታተመውም ገዢ እስኪመጣ ሱቅ ውስጥ ይከርማል። የአንተው ካርድ ምስክር ነው። የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ የደወል ግንብ እ.ኤ.አ. ጁላይ 14 ቀን 1902 ተደርምሶ፣ እንደገና ተሠርቶ የተመረቀው በ1912 ነው። በካርድህ ላይ ግን ግንቡ ቀጥ ብሎ ቆሟል! ፎቶው ከአደጋው በፊት የተነሳ ነው ማለት ነው።

ጀርባውም ይረዳሃል። ለመልእክትና ለአድራሻ በመስመር የተከፈለ ጀርባ ብሪታንያ በ1902፣ አሜሪካ በ1907 ፈቀዱ። ከዚያ በፊት ጀርባው ለአድራሻ ብቻ ስለነበር ሰዎች መልእክታቸውን በሥዕሉ ጠርዝ ላይ አጣብበው ይጽፉ ነበር። ይህም ቢሆን የኅትመቱን ዘመን እንጂ የፎቶውን አይነግርህም።

በአልበምህ ላይ «እ.ኤ.አ.» የሚለውን ጨምር፤ 1906 በእኛ አቆጣጠር 1898 ወይም 1899 ነው። አደራህን፣ ቴምብሮቹን ለመላጥ ካርዶቹን ውሃ ውስጥ እንዳትነክር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተላኩ የደሴ ካርዶች ካሉህም ከማኅተሙ በፊት ሕንፃዎቹን መርምር።