እድር በአይሱዙ አይጫንም

ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። ወሬው የኑሮ ውድነት ነው። የተጋበዙት ሰውዬ «አዲስ አበባ የከበደው ለምን ሀዋሳ፣ አዳማ፣ ባሕር ዳር አይሄድም? ሕዝቡ ያጣው ብር ሳይሆን ድፍረት ነው» አሉ። አዘጋጇ «እድሩስ? ጎረቤቱስ?» ስትላቸው «እድርማ የትም አለ» ብለው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ። እኔ ከታክሲው ወረድኩ፤ ንዴቴ ግን እስካሁን አልበረደም።

ፈሪ የተባልነው እነማን ነን? እኔና ባለቤቴ ሦስት ወር ሙሉ በዚሁ ነገር ስንብሰለሰል ከርመናል። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሀዋሳ ነው የሚኖረው። ኑ እያለ ይወተውተናል። ቤት አይቶልናል፤ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ጠይቆልናል። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ደብተር ይዘን ኪራዩን፣ አስቤዛውን፣ ትራንስፖርቱን ስንደምርና ስንቀንስ እናመሻለን። በሂሳብ ከሆነ ሀዋሳ ታሸንፋለች። አልክድም። ያላገባ፣ ሥራ ይዞ የሚሄድ ወጣት ካለ ዛሬውኑ ይሂድ። ከእሱ ጋር ክርክር የለኝም።

ክርክሬ «እድርማ የትም አለ» ካሉት ሰውዬ ጋር ነው። አዎ፣ ሀዋሳም እድር አለ። የማን እድር? የሀዋሳ ሰዎች ነዋ! እኔ እዚያ እንግዳ ነኝ። መግቢያ ከፍዬ እመዘገባለሁ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ እነሱ ለዓመታት ባዋጡት የተገዛ ስለሆነ ድርሻሽን ክፈይ ማለታቸው አግባብ ነው። እዚህ ተክለ ሃይማኖት ግን እናቴ ከ30 ዓመት በላይ ከፍላለች። በሰፈሩ ውስጥ ቤት እየቀያየርን ተከራይተን ኖረናል፤ እድር ግን ቀይረን አናውቅም። ያ ሁሉ ዓመት ወደ ሀዋሳ ይዛወርልን ይሆን?

ገንዘቡ እንኳ ትንሹ ነገር ነው። አባቴ ያረፈው ሌሊት ነበር። ጎህ ሳይቀድ ጡሩምባው ተነፋ። ፀሐይ ስትወጣ ድንኳኑ ቆሞ ነበር። መጀመሪያ በራችንን ያንኳኳችው ከእናቴ ጋር በግቢው ቧንቧ ተጣልታ ሁለት ዓመት ያልተነጋገረች ጎረቤታችን ናት። ምንም አልተናገረችም። ገብታ እሳት አነደደች፣ ንፍሮ ጣደች። እስከ ሰልስቱ ከእናቴ አጠገብ ፍራሽ ላይ ተኛች። ማንም አልጠራትም። ይህቺን ሴት ሰውዬው የትኛው ከተማ ያገኙልኛል? የተጣላነውም የታረቅነውም እኮ አብረን ስለኖርን ነው። አንድ ሰው ለቅሶህ ላይ እንዲህ እንዲሆንልህ ስንት ዓመት ይፈጃል? እኔና ባለቤቴ አርባዎቹን አጋምሰናል። እናቴ ሰባ አልፏታል። እንደገና 30 ዓመት ከየት ይምጣ?

አላምንም የሚል ካለ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ወደ የካ አባዶና ወደ ኮዬ ፈጬ የሄዱትን የሰፈራችንን ሰዎች ይይ። በሄዱበት እድር ገብተዋል። የእኛን ግን አልለቀቁም። በየወሩ እሁድ ታክሲ እየቀያየሩ መጥተው ይከፍላሉ። እድር የትም ካለ እነዚህን ሰዎች ምን ያመላልሳቸዋል? እነሱ እንኳ ያሉት እዚሁ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ነው። ሀዋሳ ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጠዋት ተደውሎ ቀብር በ6 ሰዓት ነው ብባል የምደርሰው አፈር ከለበሰ በኋላ ነው።

ስለ ድፍረት ካነሱ ደግሞ አንድ ነገር ላስታውሳቸው። ከአድዋ ድል ጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ማገዶ አጥራት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማውን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወዳለችው አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ግን መኳንንቱም የውጭ አገር መልእክተኞችም አዲስ አበባ ላይ ቤት ሠርተው፣ ሥር ሰደው ነበር። ለማገዶ የተተከለው ባሕር ዛፍም ደረሰ። ንጉሡ ሐሳባቸውን ቀየሩ፤ አዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አድዋ የዘመቱትን ሰው ድፍረት አጥተው ነው የቀሩት ይበሉን እንጂ!

ሌላም አለ። እናቴ ጥቁር አንበሳ ክትትል አላት። ከቤታችን በእግር ይደረሳል። ሀዋሳም ሆስፒታል አለ፤ ፋይሏም፣ የሚያውቃት ሐኪሟም ያሉት ግን እዚህ ነው። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ እንኳ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ አድርጓል። ቤተሰብ በየጊዜው እየተነቀለ መኖር እንደማይችል ሕግ አውጪው ከገባው ሬዲዮ ላይ ቀርቦ ምክር ለሚሰጥ ሰው እንዴት አይገባውም? በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ ሰው በየአቅጣጫው ሲበተን እዚሁ ቆመን አይተናል። መሄድ አለመሄዱን እነሱ አልወሰኑም። መወሰን የምንችል ሰዎች ሦስት ወር ብንጨነቅ ፍርሃት አይባልም። ኑሮው የከበደን እኛ ፈሪ ስለሆንን አይደለም፤ ኪራዩና ጤፉ ስለተወደደ ነው። ስለ ኪራዩና ስለ ጤፉ ሲጠየቁ «ውጡ» ብሎ መመለስ ከጥያቄው መሸሽ ነው። የሸሹትም እሳቸው ናቸው።

ትናንት ማታ ለባለቤቴ ወንድም ደውለን አንመጣም አልነው። ትንሽ ከፋው። እሁድ የእድር መክፈያ ነው። መሄዳችን ነው ብለን ሦስት ወር ሳንከፍል ቀርተን ነበር። ከነቅጣቱ እከፍላለሁ።