«ከየት አመጣው?»፦ ለአቶ ቶም ቡካናን የቀረበ ውዳሴ

ቅናትን እንደ ተራ ደዌ የምትቆጥሩ ሁሉ አቶ ቶም ቡካናንን ይቅርታ መጠየቅ አለባችሁ። እኚህ ትልቅ ሰው ቅናትን ከጓዳ አውጥተው ወደ ሒሳብ ምርመራ ማዕረግ ያሳደጉ ባለውለታ ናቸው። ሚስቱን የሚወድ ሌላ ወንድ ሲመጣበት «ትወዳታለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ባል ገና ልጅ ነው። የበሰለ ሰው «ለመሆኑ ይሄ ሰው ገንዘቡን ከየት አመጣው?» ይላል።

ስኮት ፊትዝጄራልድ እ.ኤ.አ. በ1925 ያሳተመውን «ታላቁ ጋትስቢ» የተባለ ልብ ወለድ ያነበበ የአቶ ቶምን ጠብ ያውቀዋል። ዘመኑ 1922 ነው፤ ቦታው ከኒው ዮርክ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሎንግ አይላንድ። በባሕሩ ወሽመጥ በአንዱ ዳር አቶ ቶም ከባለቤታቸው ከዴዚ ጋር ይኖራሉ። በማዶው ዳር ጄይ ጋትስቢ የሚባል አዲስ ሀብታም ቪላ ገዝቶ ማታ ማታ የእነሱን መብራት ያያል። ወታደር ሳለ ዴዚን ወዷት፣ ኪሱ ባዶ ስለነበር ያመለጠችው ሰው ነው። (አንቱታ የሚገባው ለውርስ ስለሆነ እሱን «አንተ» ብለው አትቀየሙኝ።)

የአቶ ቶምስ ሀብት ከየት መጣ? ይቅርታ፣ አፌን ያዘኝ። ከቤተሰብ ነዋ! ቤተሰቡ ከየት አመጣው ብሎ የጠየቀ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ሰውየው ቺካጎ አጠገብ ካለችው ከሌክ ፎረስት የፖሎ ፈረሶቻቸውን አስከትለው ሲመጡ ማንም ደረሰኝ አላላቸውም። በ1919 ሲያገቡ መቶ ሰው በአራት የግል ፉርጎ ጭነው የዴዚ አገር ሉዊቪል ገቡ። በሠርጉ ዋዜማም 350 ሺህ ዶላር የሚገመት የዕንቁ ሐብል ለሙሽራይቱ ሰጡ። በርግጥ ሙሽራይቱ ያን ማታ ሰክራ፣ የአንድ ሰው ደብዳቤ በእጇ ጨምድዳ፣ ዕንቁውን መልሱለት እያለች አልቅሳለች። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነከሯት፣ ዕንቁውን አሰሩላት፣ በማግስቱ ተዳረች። ደብዳቤው ውኃው ውስጥ ሟሟ። ዕንቁ አይሟሟም፤ የጥሩ ባል ስጦታ በዚህ ይታወቃል።

ጋትስቢ ግን ያን ቤት የገዛበትን ገንዘብ በሦስት ዓመት ነው ያገኘው። ጥፋቱም እዚህ ላይ ነው። ሦስት ዓመት ማለት የሚያስታውስ ሰው ገና በሕይወት አለ ማለት ነው። ትንሽ ታግሶ፣ አያቱን ሀብታም አድርጎ ቢጀምር ምን ነበረበት?

ሕዝቡም ቢሆን ከአቶ ቶም ጎን በመቆም ታላቅ ጨዋነት አሳይቷል። በየሳምንቱ አርብ ጋትስቢ ቤት አምስት ሣጥን ብርቱካንና ሎሚ ይገባል፣ ሰኞ ልጣጩ ተከምሮ በጓሮ በር ይወጣል። ሳይጠራ የመጣው እንግዳ ሻምፓኙን እየተጎነጨ «ሰው ገድሏል አሉ» ይላል። ጎኑ ያለው «የለም፣ በጦርነቱ ጊዜ የጀርመን ሰላይ ነበር» ብሎ ያርመዋል። የሰውን ቤት እየበሉ ማማት ውለታ ቢስነት ይመስላችኋል፤ እኔ ግን የዜግነት ግዴታ እለዋለሁ። ምርመራ በባዶ ሆድ አይሆንም።

የአቶ ቶም ምርመራም በቀላሉ አልተጀመረም። መጀመሪያ ልብሱን አዩ፦ ኦክስፎርድ ተምሬያለሁ የሚል ሰው እንዴት ሮዝ ሱፍ ይለብሳል? (ለአምስት ወር መቆየቱ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ያሳዝናል።) ቀጥለው ሥራውን አስጠኑ። ከዚያ ፕላዛ ሆቴል ክፍል ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት፣ ሚስታቸው ባለችበት ፋይሉን ገለጡት፦ ይህ ሰው ከቁማርተኛው ከዎልፍሻይም ጋር በየመድኃኒት ቤቱ አልኮል ሸጧል!

ጊዜው አሜሪካ የአልኮል መጠጥ ማምረትን፣ መሸጥንና ማጓጓዝን በሕገ መንግሥቷ የከለከለችበት ነው፤ ክልከላው ከ1920 ጀምሮ ይሠራ ነበር። ስለዚህ ክሱ ትክክል ነው። ጠረጴዛው ላይ የነበረው የውስኪ ጠርሙስ አቶ ቶም ራሳቸው ከቤታቸው በፎጣ ጠቅልለው ያመጡት መሆኑን የሚያነሣ ነገረኛ አይጠፋም። ፎጣው እኮ ለሕጉ ያላቸውን አክብሮት ያሳያል! ጋትስቢ በበኩሉ «ወዳጅህ ዎልተር ቼዝም ከእኛ ጋር ገብቶበት ነበር» ብሎ ሊያሳጣቸው ሞከረ። እንዲህ ያለ ጨዋታ አያዋጣም። የወዳጅ ገንዘብ ጉዳይ የግል ነው፤ ምንጩ የሚጠየቀው የባላንጣ ገንዘብ ብቻ ነው።

በዚያው ቀን አቶ ቶም የቤተሰብን ክብር ለመከላከልም ጥሩ ንግግር አድርገዋል። እንዲህ የሚያውቁት የሁለት ቤተሰብ ልምድ ስላላቸው ነው። የመካኒኩን የዊልሰንን ሚስት ሚርትልን ኒው ዮርክ ውስጥ አፓርታማ ተከራይተው አስቀምጠዋታል፤ የሚስታቸውን ስም ደጋግማ ስትጠራም በጥፊ አፍንጫዋን ሰብረዋል። ለሚስት ክብር እንዲህ የሚቆረቆር ባል ዛሬ ከየት ይገኛል?

ዴዚም ገባት። ጋትስቢ ስለ ፍቅር ሲያወራ ልቧ እንደዋለለ ነበር፤ የአልኮሉ ነገር ሲነሣ ግን ጭምት አለች። አቶ ቶም ማሸነፋቸውን በማወቃቸው ሁለቱን በአንድ መኪና ወደ ቤት ሸኟቸው፤ ያልተከፈተውን ውስኪም መልሰው በፎጣው ጠቀለሉ።

የቀረውን አሳጥሬ ልንገራችሁ። ዴዚ ስትነዳ የጋትስቢ መኪና ሚርትልን ገጭቶ ገደላት። ባሏ ሽጉጥ ይዞ አቶ ቶም ቤት መጣ፣ አቶ ቶምም የመኪናው ባለቤት ማን እንደሆነ ነገሩት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ ጋትስቢ መዋኛ ገንዳው ውስጥ ተገደለ። ያን ሁሉ ብርቱካን ከጨረሰው ሕዝብ ቀብሩ ላይ የተገኘ የለም ማለት ይቻላል። አንደኛው ስልክ ደውሎ ነበር፤ ረስቶት የሄደውን የቴኒስ ጫማ እንዲልኩለት።

አቶ ቶም ግን እኔም ተሰቃይቻለሁ ይላሉ። አፓርታማውን ሊያስረክቡ ሄደው ለሚርትል የገዙላትን ቡችላ ብስኩት ሲያዩ ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን ማልቀሳቸውን በጥቅምት ወር ኒው ዮርክ መንገድ ላይ ላገኙት ለታሪኩ ተራኪ ለኒክ ካራዌይ ነግረውታል። ቡችላው ዋጋው 10 ዶላር ነበር። እኚህ ሰው ልበ ደንዳና ናቸው የሚል ካለ ብስኩቱን ይጠይቅ።