ለእንግዳ የተሰቀለው አምፖል

ባለፈው ኅዳር ለአክስቴ ተዝካር ፍኖተ ሰላም ሄጄ ነበር። ጠዋት ድንኳኑ እየተተከለ አንዱ ዘመዳችን ወደ ጓሮ ዞረና ሽንት ቤቱን አይቶ፣ «ኧረ ይቺን አስተካክሏት፣ እንግዳ ይወድቅብናል!» አለ። ሁለት ጎረምሶች ከድንኳኑ የተረፈ ቋሚ ቸከሉ፤ አጣና መቱበት። ከቤት ገመድ ስበው አምፖል ሰቀሉ። መንገዱ ላይ ጠጠር ደፉ። ቡናው ሳይፈላ አለቀ።

የያዝኩት ዳቦ አልዋጥ አለኝ።

እትዬ ያንን እንጨት የካቲት ላይ ጠይቃኝ ነበር። የራሷ ልጅ የላትም፤ እኛው ነበርን። ደውላ፣ «ልጄ፣ ሌሊት ስወጣ እግሬ ይከዳኛል፤ የምይዘው ነገር አስቸክልልኝ» አለችኝ። «ይሄ ወር ጠበብ ብሎኛል እትዬ፣ ለፋሲካ ስመጣ» አልኳት። ለፋሲካ መጣሁ። ነጠላ ይዤላት መጣሁ፤ ዶሮዬን በልቼ፣ ተመርቄ ተመለስኩ። እንጨቱን እሷ አላነሳችው፣ እኔ ረሳሁት።

ነሐሴ ላይ ጭቃው ጣላት። ዳሌዋ ተሰበረ። ያን ጊዜ ለኮንትራት መኪና፣ ለራጅ፣ ለአስታማሚ ብሩ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ብቻ መጣ። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ዐረፈች። ለተዝካሯ ደብተር ተዘርግቶ ሁላችንም ተመዘገብን፤ «ወሩ ጠቦኛል» ያለ አንድ ሰው የለም። በሬ ተጣለ። ማታ እንግዳው ሲበተን አምፖሉን የሚያጠፋው ጠፍቶ ሲበራ አደረ።

የአገሬ ሰው፣ ምን ነካን? የእድር መዋጮ አንድ ወር አናሳልፍም፤ ቅጣት አለዋ! ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሲያረጅ ግን ወጪ ያለው አይመስለንም። የጤና መድኅን ደብተር ካሳደስንላቸው በቃ፣ ጨረስን። መድኅኑስ ደግ ነገር ነው፤ በ2003 በሙከራ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዱ የእኛው ደቡብ አቸፈር ነበር። ግን መነጽር አይገዛም፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ አይተክልም። ጤና ጣቢያ የሚያደርሳቸውን ባጃጅም አይከፍልም። የሌሊቱን ፖፖ፣ የባትሪ ድንጋዩን፣ አብራቸው የምታድረውን ልጅ ደሞዝ ማን ያስባል? ገበሬ ጡረታ የለው። ጡረታው እኛ ነን፤ በዓል ጠብቆ የሚመጣ ጡረታ።

ኑሮ እንደከበደ አውቃለሁ። እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነበር።

እባካችሁ ያ ደብተር በቁማቸው ይዘርጋ። ወንድም እህት ተቀመጡና በየወሩ የምትችሉትን ጻፉ። «ምን ጎደለሽ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ መልሱ «ምንም» ነው። ሌሊት እንዴት እንደሚወጡ ጠይቁ።

እኔ ትናንት እናቴን ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም አለችና፣ «ግድግዳውን እየታከክሁ» አለችኝ። አናጺ ፈልጌ ደወልኩ። ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏል። ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ነው፤ እንጃ። እሑድ እደውልላታለሁ።