ከኋላ ለሚቀመጠው ሄልሜት የት አለ?

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሐዋሳ ውስጥ መንገድ ለመሻገር አንድ አደባባይ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ፣ ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ የሚመጣ ሞተረኛ አየሁ። ከኋላው ነጠላ የለበሰች እናት፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ የትምህርት ቤት ቦርሳ ያዘለ ሕፃን ነበሩ። ሞተረኛው ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ሄልሜቱን ጭንቅላቱ ላይ ጣል አደረገና ማሰሪያውን ሳይቆልፍ አለፈ። የነጠላው ጫፍ ከኋላ ጎማው ስንዝር በማይሞላ ርቀት ይርገበገብ ነበር።

በከተማችን ሄልሜት ከቅጣት ማምለጫ ሆኗል፤ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ጭንቅላት ግን ከነጭራሹ የሚያስታውሰው የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል የተደረገ ሄልሜት የመሞትን ዕድል ከስድስት እጥፍ በላይ፣ የአንጎል ጉዳትን ደግሞ እስከ 74 በመቶ ይቀንሳል። ይህ የሚሆነው የውስጡ ፎም በግጭት ጊዜ እየተጨፈለቀ የምቱን ኃይል ስለሚውጥ ነው፤ በመሆኑም አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ሄልሜት ውጩ ደህና ቢመስልም ዳግመኛ ሊያገለግል አይገባም፤ ማሰሪያው ያልተቆለፈ ደግሞ ጭንቅላት አስፋልት ሳይነካ ቀድሞ ሊወልቅ ይችላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተር በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከፊቱ ያለ ባጃጅ ተሳፋሪ ለማንሳት ድንገት ሲቆም፣ ሞተረኛው ፍሬን ከመያዙ በፊት ርቀቱ አልቆ ይሆናል።

ተሳፋሪዎች ሌላ ሰው ያደረገውን ሄልሜት እንደሚጸየፉ፣ ሹሩባ የተሠሩ ሴቶችም ጸጉራችን ይበላሻል እንደሚሉ አውቃለሁ። ጽዳቱ በእርግጥ የሚያሳስብ ነው፤ ሆኖም ከሥር ስስ ጨርቅ በማድረግ የሚቃለል ነው። በኪጋሊ ሞተር ታክሲዎች ለተሳፋሪው የሚሆን ሄልሜት ይዘው መሥራታቸው የተለመደ ነው፣ ተሳፋሪውም አድርጎት ይሳፈራል። የእኛ ሞተረኞች ዋጋው ከበዳቸው ከተባለ፣ ሞተሩን በቀን ገቢ የሚያሠራው ባለቤት ሁለተኛውን ሄልሜት የመግዛት ግዴታ ሊኖርበት ይገባል፤ ትርፉን የሚያገኘው እሱ ነውና።

የሕፃኑ ነገር ይበልጥ ያስጨንቀኛል። በዓለም ዙሪያ ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ቀዳሚው የሞት ምክንያት የመንገድ ትራፊክ አደጋ ነው። ለአዋቂ የተሠራ ሄልሜት ለትንሽ ጭንቅላት አይሆንም፤ በሁለት ሰዎች መካከል የተጣበቀ ልጅም እግሩን የሚያሳርፍበት የለውም። የባጃጅ ዋጋ መወደዱ ባይጠፋኝም፣ ልጅ በዚህ ሁኔታ መጓዝ የለበትም እላለሁ። እናቶችም ሞተር ላይ ከመውጣታቸው በፊት ነጠላቸውን አጣፍተው ወገባቸው ላይ እንዲያስሩ አጥብቄ እለምናለሁ።

ትራፊክ ፖሊሶቻችንም ሞተር ሲያስቆሙ መንጃ ፈቃድ ከመጠየቃቸው በፊት የሞተረኛውን የአገጭ ማሰሪያ ይመልከቱ፤ ቀጥሎም ከኋላ የተቀመጠው ሰው ሄልሜት የት እንዳለ ይጠይቁ፤ ከሌለም ተሳፋሪው እዚያው ይውረድ።