የመጀመሪያ ካሜራና የኮንዶሚኒየም ሸንጎ

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ዲኤስኤልአር (ሌንሱ የሚቀያየር) ካሜራ ሊገዛ ማሰቡ ከተሰማ፣ ነገሩ የግል ጉዳዩ መሆኑ በዚያው ያከትማል፤ ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ ያለው ነዋሪ ሳይጠራ ለምክር ይመጣል።

የመጀመሪያው ሙግት ካኖን ይሻላል ወይስ ኒኮን የሚል ሲሆን፣ ብሎኩ እንደ ጊዮርጊስና ቡና ደጋፊ ለሁለት ይከፈላል። እውነቱን ለመናገር፣ በጀማሪ ደረጃ ከሁለቱ የወጣውን ፎቶ አይቶ የሚለይ ዳኛ ከመካከላቸው የለም። ልዩነቱ ሌንሱ የሚገጠምበት ቦታ ላይ ነው፤ ኒኮን ከ1959፣ ካኖን ደግሞ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የየራሳቸውን አገጣጠም ይዘው ስለቆዩ የአንዱ ሌንስ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ጀማሪው አስቀድሞ ማጣራት ያለበት፣ ሌንስ የሚያውሰው ዘመድ የትኛውን እንደያዘ ነው። እዚህም ላይ ጣጣ አለ፦ የኒኮን ዲ3000 እና ዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎች በውስጣቸው የፎከስ (ምስሉን የማጥራት) ሞተር ስለሌላቸው፣ ከአጎት የተገኘ፣ የራሱ ሞተር የሌለው አሮጌ ሌንስ ሲገጠምባቸው ፎከሱን በእጅ ማዞር ግድ ይሆናል፤ ሙሽራ ደግሞ እስኪስተካከልላት ቆማ አትጠብቅም።

የዕድሩ ሰብሳቢ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» 24 ሲባሉ ቅር ይላቸዋል፤ ባለ 32 የያዘ የወንድም ልጅ አላቸውና። አሥር በአሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር የሆነች የአልበም ፎቶ በጥራት ለማተም ግን ከ2 ሜጋፒክስል እምብዛም ያለፈ አያስፈልግም። አልበሙም ይቅር፣ የፎቶው ሁሉ መድረሻ ቴሌግራም ነው፤ እሱ ደግሞ የሰብሳቢውን ክብር ሳይመለከት ጨምቆ ያሳንሰዋል።

ሌንስ በሰፈራችን የሚመዘነው በርዝመቱ ነው። ከካሜራው ጋር የሚሸጠው ባለ 18-55 ሚሊ ሜትር ከካርቶኑ ሲወጣ «ይቺ ናት እንዴ?» ይባላል፤ ስለ ብርሃን ግን ማንም አያነሳም። ክርስትና በሚደገስበት ደብዛዛ ሳሎን ውስጥ፣ ርካሹ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ እስከ ኤፍ 1.8 (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ስለሚከፈት፣ ባለ 18-55ቱ ወደ 50 ሲዞር ከሚያስገባው ዘጠኝ እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። ችግሩ የጀማሪ ካሜራ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) አነስተኛ በመሆኑ 50ው እንደ 75 ወይም 80 ሆኖ አጥብቦ ማየቱ ነው፤ ፎቶ አንሺው ጀርባውን ከፍሪጁ አጣብቆ፣ አንድ እግሩን ኮሪደር ላይ አውጥቶም እንኳ የክርስትና እናቲቱን ግማሽ ፊት ይቆርጣል። እንዲህ ያለ ቂም ከካሜራው ዕድሜ ይረዝማል። ለእኛ ሳሎን 35 ሚሊ ሜትር ይበቃል ባይ ነኝ።

ያገለገለ ልግዛ ያለ ደግሞ ከደላላ ጋር ይገጥማል። የብዙዎቹ የጀማሪ ካሜራዎች ሹተር (ፎቶ ሲነሳ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) 100,000 ጊዜ ያህል እንዲያነሳ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ፣ እስካሁን ስንት ጊዜ እንዳነሳ መጠየቅ ተገቢ ነው። የደላላው መልስ ግን መኪና ሲሸጥ የለመደው ነው፦ «ኧረ ሴት ናት የያዘችው!»

ካሜራው ገና ሳይገዛ ሁለት ክርስትናና አንድ ምርቃት ይያዝበታል፤ ክፍያው ምርቃት ነው፣ እሱም ቁጭ ብሎ ለበላ። ስለ ባትሪው አጥብቀው የሚጠይቁት አንዲት እናት ብቻ ናቸው። ልጃቸውን በጥር ስለሚድሩ፣ ከሰርጉ እስከ መልሱ ማድረሱን ማረጋገጥ ፈልገው ነው።